ለአንድ ሴናተር የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ታኅሣሥ 2022፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አመሉ ይበላሻል።

ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ወረቀቱ የምስጋና ደብዳቤ ረቂቅ ነው። የሚላከው ለኦክላሆማው ሴናተር ለጂም ኢንሆፍ። ሰውየው በ88 ዓመቱ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

“ሲያልቅ አያምር ይባላል” አሉ ጋሼ። “እኛ እናሳምርለት። ለኢትዮጵያ የቆመ ሰው ዝም ተብሎ አይሸኝም።”

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼ አርመውታል። ማረም ማለት “ክቡር” የሚለውን ሦስት ቦታ መጨመር ነው። የቀረን እንግሊዝኛውን የሚያቃና ሰው ነበር። ለዚህ ደግሞ የእህቴ ልጅ አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት፣ ለገና ዕረፍት እኔ ጋ የከረመች። አማርኛዋ ጥሩ ነው። ሲቸግራት ብቻ እጇን ታወናጭፋለች።

እስክሪብቶ ይዛ አነበበችው። ከዚያ “ከዚህ በፊት ለሴኔት የጻፋችሁት የለም? ፎርማቱን ልየው” አለችኝ።

ደስ አለኝ። እንዴት አይኖርም! ቤዝመንት ወረድኩና ሰማያዊውን ፋይል አመጣሁላት። በ2007 በፋክስ የላክናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ሚስቴ ስንት ጊዜ ልትጥለው ፈልጋለች። እኔ “ታሪክ ነው” እያልኩ አስቀመጥኩት።

ልጅቷ አገላበጠች። አንዱ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ።

“አጎቴ፣ ይሄ እኮ ያው ሰውዬ ነው።”

## ያው ስም፣ ያው ዚፕ ኮድ

ሁለቱን ወረቀቶች ረከቦቱ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እውነቷን ነው። ከላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ራስል የሚባለው የሴኔት ሕንፃ፣ ዋሽንግተን፣ 20510። ከታች የሚታየው ፊርማም አንድ ነው፤ የእኔ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፊርማዬ እንኳ አልተለወጠም።

የ2007ቱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ ክቡር ሆይ፣ ሕዝብ ከሚያስር ጎን ቆመዋል፤ ታሪክ ይፋረድዎታል። የ2022ቱ ደግሞ፤ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እውነተኛ ወዳጅ ነዎት፤ ታሪክ ያስታውስዎታል። ታሪክን በሁለቱም ላይ ምስክር ጠርቻለሁ። ምስኪን ታሪክ።

“እሺ፣ ምን አድርጎ ነው የተለወጠው?” አለች ልጅቷ። ተንኮል የለበትም። እውነትም ማወቅ ፈልጋ ነው። “በመሃል ምን ሆነ? ይቅርታ ጠየቀ? ፓርቲ ቀየረ?”

አፌን ከፈትኩ። ጋሼም ከፈቱ። ከሁለታችንም ምንም አልወጣም። ቡናው እየፈላ ነበር፤ ሚስቴ ጀበናውን አነሳችልን። ለዚያች ሰዓት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ምክንያቱም ሰውየው ምንም አልተለወጠም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በ2007 ያለው ነገር ኢትዮጵያ የአሜሪካ ወዳጅ ናት፣ በአካባቢው የምንተማመንባት እሷ ናት፣ መንግሥቷን በሕግ አንቅጣ ነው። በ2022ም ያለው ያንኑ ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ተለወጠ፤ መለስ ነበሩ፣ ዐቢይ ሆኑ። ሴናተሩ ግን ያንኑ በር ነው ያንኳኳው። ቦታ የቀየርነው እኛ ነን።

## “ከየትኛው ከተማ ነው የሚደውሉት?”

የ2007ቱን ነገር የኖረበት ያስታውሰዋል። በሐምሌ ታስረው የነበሩት የተቃዋሚው የቅንጅት መሪዎች ተፈቱ። አገር ቤት ሚሌኒየሙ ተከበረ። እነሱም ወደ ዋሽንግተን መጡ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በጥቅምት መጀመሪያ ኤች አር 2003 የሚባለው፣ የአሜሪካን እርዳታ ከሰብአዊ መብትና ከዲሞክራሲ ጋር የሚያያይዘው ረቂቅ፣ የተወካዮችን ምክር ቤት አለፈ። ያን ቀን አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ እንደ ሠርግ ነበር የሆንነው። ሕግ የወጣ መስሎን ነበር። ሴኔት የሚባል ሌላ ቤት እንዳለ ብዙዎቻችን በደንብ የተማርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴኔት ውስጥ መቶ ሰዎች አሉ። አንዱ እንኳ ጠንክሮ “አይሆንም” ካለ ነገሩ ይንቀረፈፋል። ረቂቁ የምክር ቤቱ ዘመን እስኪያልቅ ካላለፈ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ነው፤ ከዜሮ ይጀመራል። ኢንሆፍ በግልጽ ተቃወመው። የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ውስጥ ነው፣ አጋራችን ናት፣ እንዴት እንዲህ እናደርጋለን አለ። በእርግጥ ብቻውን አልነበረም። የቡሽ አስተዳደርም ረቂቁን አልወደደውም፤ መንግሥት የቀጠራቸው ሎቢስቶችም ሥራቸውን ሠርተዋል። ግን ሰው ንዴቱን የሚያሳርፍበት አንድ ፊት ይፈልጋል። የእኛ ፊት የኢንሆፍ ፊት ሆነ።

የዚያን ጊዜው መሣሪያ ስልክና ፋክስ ነበር። ሴናተር የሚሰማው የራሱን መራጭ ነው ተባልን። እኔ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው የለኝም። ቢሆንም ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች፤ ድምፅዋ ማር ነው። “ከየትኛው ከተማ ነው የሚደውሉት?” አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው “ታልሳ” ነው። “ታልሳ! የትኛው ሰፈር?” አለች ደስ ብሏት። ሰውየው ከ1978 እስከ 1984 የታልሳ ከንቲባ እንደነበር ያኔ የት አውቄ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። በማግስቱ ፋክስ ላክሁ። ሰማያዊው ፋይል ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ረቂቁ ሴኔት ገባ፤ እዚያው ቀረ።

ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈና የትግራይ ጦርነት መጣ። ኅዳር 2021 ላይ ኤስ 3199 ቀረበ፤ የካቲት 2022 ላይ ኤች አር 6600። ሁለቱም ማዕቀብ ያዘሉ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። የኤች አር 2003 አባት ዶናልድ ፔይን፣ የ3199ኙ ሜኔንዴዝ፣ የ6600ው ማሊኖውስኪ፤ ሦስቱም የኒው ጀርዚ ዲሞክራቶች ናቸው። ኒው ጀርዚን ምን እንዳደረግናት አላውቅም።

ይሄኛው ረቂቅ ሲመጣ እኔ ከወዲያኛው ወገን ቆሜ ነበር። “በቃ” የሚል ቲሸርት ለብሼ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ጮኼያለሁ። ዕድሜ ልኩን ዲሞክራት የመረጠ ጎረቤቴ በዚያ ሰሞን በቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ድምፅ ሰጠ፤ እንዲህ ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ። ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ወጣች። ሁሉም ፊቱን ያዞረብን መሰለን። በዚያ ጭንቀት መሃል አንድ ሽማግሌ ሴናተር ተነሥቶ “ወዳጃችንን አትግፉ” አለ። ማነው ይሄ ደግ ሰው? ኢንሆፍ። እልል አልን። የ2007ቱን አንድም ሰው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነበር።

## ጋሼ ሲከራከሩ

ጋሼ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ተነሡ። ማለቴ በክርክር ተነሡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከወንበር አይነሡም።

“ስሚ ልጄ” አሏት። “ከመቶዎቹ ውስጥ ኢትዮጵያን ካርታ ላይ አሳዩኝ ብትያቸው ስንቱ ያሳይሻል? ይሄ ሰው ግን መጣ። አንዴ አይደለም፤ እየተመላለሰ መጣ። ሴት ልጁ ከአገራችን ሕፃን አምጥታ አሳድጋለች። የልጅ ልጁ ኢትዮጵያዊት ናት። ይሄ ፖለቲካ ነው?”

አይደለም። እኔም እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ኢንሆፍ አፍሪካን የሚያውቃት በወሬ አልነበረም። ወደዚያ የሚወስደው እምነቱ እንደሆነ ደብቆ አያውቅም። ስለ ልጅ ልጁ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ያን የሚያስመስል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ሰውየው ለማንም የሚጎተት አልነበረም። ወግ አጥባቂ ነው፤ ከወግ አጥባቂዎችም ጫፍ ላይ ያለ። ትራምፕን በሁለቱም የክስ ሂደቶች ነፃ ይውጣ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ሆኖም ጥር 2021 ላይ የባይደንን ምርጫ ውጤት አላፀድቅም ካሉት ጋር አልቆመም። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትራምፕ ምዕራብ ሳህራን ለሞሮኮ ሲያፀድቅ ሴኔት ውስጥ ቆሞ ተቃውሟል። ኦክላሆማ ውስጥ ለሳህራዊ ሕዝብ ብሎ ድምፅ የሚሰጠው ማን አለ? ማንም። ከዚያ የሚያገኘው ሳንቲም የለም።

ጋሼ በተለይ የሚወዱት የአብራሪነቱን ታሪክ ነው። ሰውየው በ2010፣ በሰባ አምስት ዓመቱ፣ ቴክሳስ ውስጥ ተዘግቶ ሠራተኞች እየሠሩበት በነበረ ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላኑን አሳረፈ። ሰዎቹ ሮጠው ነው የተረፉት። ሂድና ተማር ተባለ። እሱ ግን የአብራሪዎችን መብት የሚያስከብር ሕግ አርቅቆ በ2012 አስጸደቀ። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። “ወንድ ማለት ይሄ ነው!” ይላሉ። እኔ ደግሞ እነዚያ የቀን ሠራተኞች ናቸው የሚታዩኝ። አሥር ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ ከሚመጣ ነገር ሮጦ ማምለጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና” አልኳቸው፣ “ወዳጅነቱ ከማን ጋር ነበር? ከሕዝቡ ጋር ነው ወይስ ከቤተ መንግሥቱ?”

ይሄን ያልኩት አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። በ2011 ኮትዲቯር ውስጥ ሎራን ባግቦ ምርጫ ተሸንፈሃል ውረድ ሲባል፣ ዓለም ሁሉ ሲጮህበት፣ አሜሪካ ውስጥ ተነሥቶ የተከራከረለት ሴናተር ኢንሆፍ ነበር። ለምን? ያውቀዋል። ቤቱ ገብቷል። አብረው ጸልየዋል። ያ ነው ፖሊሲው። አንድን መሪ ካወቀውና ከወደደው አይጥለውም። ባግቦን አልጣለም፣ መለስን አልጣለም፣ ዐቢይን አልጣለም። ይሄ በጎረቤት ሲሆን ትልቅ ጠባይ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ከመሪው ጋር የተጣላ ቀን ግን ምንድነው የሚሆነው?

ጋሼ የመለሱልኝን አልረሳውም። “እንግዳ የሚገባው በባለቤቱ በር ነው። በጓሮ ይግባ ነው የምትለው?”

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ከውጭ የመጣ ሰው “ሕዝብ” የሚባለውን የት ያገኘዋል? እኛ ራሳችን በ2007 ሕዝብ እኛ ነን ብለን ፋክስ ላክን። በ2022ም ሕዝብ እኛ ነን ብለን ቲሸርት ለበስን።

## የበረዶ ኳሱ

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ስንባባል ስልኳን እያየች ነበር። የምታጠናው የአካባቢ ሳይንስ ነው። ድንገት “ቆይ፣ ይሄ የበረዶ ኳሱ ሰውዬ ነው?” አለች።

ነው። ቪዲዮውን ከፍታ ጀበናውን አስደግፋ አቆመችው። የካቲት 26 ቀን 2015። ኢንሆፍ ሴኔት ውስጥ ቆሟል። ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ድብልብል በረዶ ያወጣል። ውጭ በጣም ይበርዳል፤ ታዲያ የቱ ጋ ነው የምድር መሞቅ የምትሉት፤ ነገሩ ይሄ ነው። ከዚያ በረዶውን ሰብሳቢው ወደተቀመጠበት ይወረውረዋል። ያን ጊዜ የሴኔቱ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ማን ነበር? ራሱ ኢንሆፍ። የአየር ንብረት ለውጥን ትልቅ ማጭበርበር ነው ማለት ከጀመረ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ጋሼ ሳቁ። “ኦክላሆማ እኮ ነዳጅና ጋዝ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል” አሉ። ወዲያው አሁን ያመሰገኑትን ሰው ምን እንዳሉት ገባቸውና ቡናቸውን ፉት አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበር። አባቴ ያቤሎ አስተማሪ ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያደግሁት ቦረና ነው። አብሮ አደጌ እዚያው አለ። በዚያው ሳምንት ፎቶ ልኮልኛል። ከብቶች ናቸው። ቆመው አይደለም። በመስመር ተኝተዋል፣ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተለጥፏል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፏል። ቦረና ውስጥ ከብት ማለት ባንክ ነው፣ ስም ነው፣ የልጅ ጥሎሽ ነው። አብሮ አደጌ ከፎቶው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ “የአባቴ ላሞች ነበሩ።”

አንድን ድርቅ በአንድ ሴናተር ማሳበብ አይቻልም። ልጅቷም ይሄንኑ ነው ያለችኝ፤ ሳይንሱ እንደዚያ አይሠራም አለች። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። በ2007ቱም በ2022ቱም ደብዳቤ ላይ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጻፍኩም። የሰውየውን ሥራ የመዘንኩት ዐራት ኪሎ ያለውን ወንበር ጠበቀ ወይስ ነቀነቀ በሚለው ብቻ ነው። ያቤሎ ከሚዛኑ ውጭ ነበረች። ያደግሁባት ያቤሎ!

“እና ይሄን ዓረፍተ ነገር ምን ላድርገው?” አለች ልጅቷ። እስክሪብቶዋ “የኢትዮጵያ ሕዝብ እውነተኛ ወዳጅ” የሚለው ላይ ነበር።

“ተይው” አሉ ጋሼ።

“ሰርዢው” አልኩ እኔ።

አልሰረዘችውም፤ አልተወችውምም። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበትና ወረቀቱን ለሁለታችን አቀበለችን።

## ከጎኔ የነበረው ዳስ

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩት ስለ ሴናተሩ አልነበረም። በ2007 ዋሽንግተን መሃል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ ከጎኔ ባለው ዳስ ስለነበረው ልጅ ነው። የመቀሌ ልጅ ነው። ምሳ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። እኔ ፋክስ ልኬ ስመጣ እሱ “ያ ሴናተር አስተዋይ ሰው ነው፤ እናንተን አገር እንዳታፈርሱ እየያዛችሁ ነው” ይለኝ ነበር። እንከራከራለን፣ እንሰዳደባለን፣ ከዚያ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ እንበላለን። አንዴ መኪና አስረካቢ እስኪጠፋ ተከራክረን ሁለታችንም ከሥራ ልንባረር ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር እናቱ መቀሌ ነበሩ። ስልክ ጠፋ። በመጀመሪያው ወር ደወልኩለት። “አላገኘኋትም” አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። ሥራ፣ ልጆች፣ ምን ልበለው የሚል ፍርሃት። ዋናው ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ነበር። እኔም ወዲህ ነበርኩ። ሴናተሩን ያመሰገንኩበትን ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ። አይቶት ይሁን አይሁን አላውቅም። ለፋሲካ የላክሁለት መልእክት ሳይመለስ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ በዚህ ተረት ውስጥ ሁልጊዜ ራሴን የማስቀምጠው ተወጊው ቦታ ላይ ነበር። በ2007 ተወጋሁ ብዬ አሰብኩ። እንዲያም ሆኖ ረሳሁት፤ ማስረጃው ሰማያዊው ፋይል ነው። ታዲያ የት ጋ ነው የምቆመው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወርጄ ሁለቱን ደብዳቤዎች ፎቶ አነሳሁ። ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል?

መልሱ የመጣ በአራተኛው ቀን ነው። እሱም ምንም አልጻፈም። አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ጫፉ የተቀደደ ወረቀት፣ ጥቅምት 2007፣ ለክቡር ሴናተር ኢንሆፍ። ለኢትዮጵያ ስለቆሙ እናመሰግናለን፣ እርስዎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እውነተኛ ወዳጅ ነዎት ይላል። ከሥር የእሱ ፊርማ አለ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ቃል በቃል የእኔ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞኝ ጽፎታል። በ2022 ደግሞ ለዚያው ሴናተር ምን ብሎ ሊጽፍ እንደሚችል ለመገመት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የእኔን የ2007 ፋክስ ቢገለብጠው ይበቃዋል።

ከዚያ ወዲህ ለበዓል እንኳን አደረሰህ እንባባላለን። እናቱ በሕይወት አሉ። ይሄን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። እስካሁን ምሳ አብረን አልበላንም።

## የተላከው ደብዳቤ

የጋሼ ደብዳቤ ተላከ። እኔ አልፈረምኩበትም። ጋሼ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ግን አልተቆጡኝም። ልጅቷ እንግሊዝኛውን አሳምራ ጻፈችላቸው። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አደረገችው፤ “በብዙ አስቸጋሪ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ስለተመላለሱ እናመሰግናለን።” ይሄ ውሸት የለበትም። ጋሼ ሲነበብላቸው “ቀዘቀዘ” አሉ። ቢሆንም ፈረሙ፤ ቴምብሩን ራሳቸው ምላሳቸው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ በራሱ እንደሚለጠፍ ነገርናቸው።

ጥር 3 ቀን 2023 ኢንሆፍ ወንበሩን ለማርክዌይን መለን ለቀቀ። ሴኔት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቷል። የዚያ ዓመት የመከላከያ በጀት ሕግ በስሙ ተጠራ። ኦክላሆማ ውስጥ መንገድ ሠራልን፣ የጦር ሰፈሮቻችንን ጠበቀልን ብለው ያመሰግኑታል፤ ከዲሞክራቷ ከባርብራ ቦክሰር ጋር በአየር ንብረት ዓይንና ናጫ ሆኖ የመንገድ ሕጉን አብሮ አውጥቷል። ሌላው ደግሞ የበረዶ ኳሱን ብቻ ነው የሚያስታውስለት። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ይዟል። የእኔ ቁራጭ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ነው። ኤስ 3199ም ኤች አር 6600ም ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። ልክ እንደ ኤች አር 2003።

ሐምሌ 2024 ላይ ጋሼ ደወሉልኝ።

“ሰውየህ አረፈ” አሉኝ።

“የቱ ሰውዬ?”

“የ2007ቱ ጠላትህ ነዋ። ኢንሆፍ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር አሉ።”

“ነፍስ ይማር። የ2022ቱ ወዳጄስ?”

ትንሽ ዝም አሉ። “እሱም አብሮት ሞቷል” አሉ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ለሟች የማይገባ ሳቅ ነበር። ቀጥለን ስለ ጉልበታቸው አወራን። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ይሻላል ብሏቸዋል፤ እሳቸው መስከረም እስኪጠባ ልጠብቅ ብለዋል።